ገጽ አሥራ አራት

የአክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። ስፋቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ስገባ አክስቴ ትወጣለች፣ ማሽኑ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ቢሆንም በሁለት ዓመት ውስጥ በእጄ ያላለፈ ትምህርት የለም። ሕግ ያባዛሁ ቀን ከአክስቴ ጋር እከራከራለሁ፣ ሕክምና ያባዛሁ ቀን ጉበቴን ያመኛል።

የአእምሮ ጤና የሚባለው ትምህርት ግን የአንዲት ተማሪ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ነበረች፣ የክፍሉ ተጠሪ። መምህሩ የሚሰጧትን ጥራዝ አምጥታ ለአርባ ሁለት ተማሪ የምታስባዛው እሷ ናት። ማሽኑ እስኪጨርስ በርጩማው ላይ ቁጭ ትልና የራሷን ቅጂ በቀይ ታሰምርበታለች። አንድም መስመር ስለማታስቀር ወረቀቱ በግ የታረደበት ይመስላል።

«ሁሉንም ካሰመርሽ ምኑን አሰመርሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን በስቴፕለር ነው የምመታው!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተዋደድን።

ፈተና ሲቃረብ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ወረቀቱን ይዤ ድምፄን እንደ መምህር አወፍራለሁ።

«ገጽ አሥራ ሦስት! ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ሰው የሚያሳያቸውን ምልክቶች ዘርዝሪ! መኮረጅ ክልክል ነው!»

ዓይኗን ጨፍና ታወርደዋለች። «አንድ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሁለት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት። ሦስት፣ ከሰው መራቅ። አራት፣ ሸክም ነኝ ብሎ ማሰብ። አምስት፣ የሚወዱትን ዕቃ ለሰው ማደል። ስድስት፣ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋት።»

ደጋግመን ስለተባባልነው እኔም እንደ ስልክ ቁጥር ያዝኩት።

አንድ ጠዋት ዓይኗን ስትጨፍን ከሥሩ ጠቁሮ አየሁት። ያካፈልኳት ዳቦ አንዴ ተነክሶ በሁለተኛው በርጩማ ላይ፣ የማሽኑ ቀለም ከሆነው ከቶነሩ ካርቶን አጠገብ ተቀምጧል።

«እህት፣ ትናንት ተኛሽ?»

«ከተኛሁማ ሰነበትኩ።»

«ዳቦውስ?»

«አልወርድ አለኝ።»

«ድሮ ሦስት ሆናችሁ ነበር የምትመጡት። ጓደኞችሽስ?»

«ምነው ዛሬ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ!»

«እኔ ምን አደረግኩ፤ አንቺ ነሽ ከስድስት ሦስት ያመጣሽው። ሃምሳ ከመቶ።»

ከት ብላ ሳቀች። «ተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው እኮ። ምልክቱ ለበሽተኛ ነው የሚሠራው።»

ከሳቀች ቆይታ ስለነበር ደስ አለኝ። ቀልዴ በመሥራቱም ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። የሚቀጥለውን ልጠይቃት ገጹን ገለጥኩ። የገጽ አሥራ ሦስት መጨረሻ «እነዚህን ምልክቶች ያየን እንደሆነ በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባን» ብሎ ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ገጽ አሥራ አምስት ነው። «ብቻውን መተው የለበትም» ብሎ ይጀምርና ወደ መድኃኒት አወሳሰድ ይገባል።

«አሥራ አራት የት ሄደ?»

«ኧረ የለም። ከኛ በፊት የነበሩትም አልነበራቸውም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚገባን?»

«ፈተና ላይ የሚመጣው ምልክቶቹን ዘርዝሩ ነው። አሥራ አራት መጥቶ አያውቅም» አለችና ዳቦውን ወደ እኔ ገፋችው።

በሳምንቱ ወረቀት እያያያዘች ነበር። ቀና ሳትል፣ «እኔ ባልኖር እኮ እናቴ ታርፍ ነበር» አለች። «ሂጂ እዚያ!» አልኳት። ስቴፕለሩን መምታት ቀጠለች፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አራት፣ አልኩ በሆዴ።

የመጨረሻው ፈተና ዓርብ ነበር። አክስቴ ወረቀት ልታመጣ ሄዳለች፣ ውጪ ዝናብ ይወርዳል፣ ማሽኑ ለሚቀጥለው ክፍል የታዘዘ አርባ ሁለት ጥራዝ ያባዛል። ቀይ እስክሪብቶ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ፊቷ በርቶ መጣች።

«እንዴት ነበር?»

«ምልክቶቹን ዘርዝሩ መጣ። ስድስቱንም ጻፍኩ።»

ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የታሰሩ ቀይ እስክሪብቶዎቿን እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጃንጥላዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«ይሄ ላንቺ።»

«ጃንጥላሽን? በዚህ ዝናብ?»

«እኔ ምን አለብኝ፣ ቅርብ ነኝ።»

አምስት። ፊቷን አየሁት፤ እንደዚያ ተረጋግቶ አይቼው አላውቅም። ስድስት። ጃንጥላውን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ጥራዙን አነሣሁና ገጽ አሥራ ሦስትን ገለጥኩ። በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባን። ገለጥኩ። ብቻውን መተው የለበትም። ስለ ማን እንደሚያወራ እንኳ አልጠየቅኩም፤ እኔ የፈለግኩት አሥራ አራትን ነው። የኔ ሥራ ወረቀት ነው፤ ገጽ ሲጎድል ሮጬ አመጣለሁ።

«ማሽኑን ጠብቂልኝ፣ አሁን መጣሁ» አልኳት።

«ሂጂ፣ አለሁ» አለች።

የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ «መታወቂያ!» እያለ ሲጮህ አልፌው ወደ መምህሩ ቢሮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ። መምህሩ የፈተና ወረቀት ተቆልሎባቸው ያርማሉ።

«መምህር፣ ገጽ አሥራ አራትን ይስጡኝ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«የፎቶ ኮፒዋ።»

ከመሳቢያቸው ጥራዙን አውጥተው ገለጡ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይገርማል። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምረው አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ምን ይል ነበር? በቃል ይንገሩኝ።»

ጥራዙን መልሰው ገለጡ። «ወደ ምክር ቢሮ መላክ ነው መሰለኝ። ሰኞና ረቡዕ ይከፍታሉ። ለምን ፈለግሽው?»

«አንድ ተማሪ አለች። ስድስቱም አለባት። ሱቅ ውስጥ ናት።»

«አብሯት ማን አለ?»

«ማሽኑ» አልኩ።

ወንበራቸው ወደኋላ ሲወድቅ አላነሡትም። እኚያ ሰውዬ እንደዚያ ሲሮጡ ያየ ተማሪ ሁሉ ሳቀ።

በርጩማው ባዶ ነበር። ማሽኑ ጨርሶ ቆሟል። አርባ ሁለቱ ጥራዝ ተስተካክሎ፣ ሁሉም ተያይዞ ተደርድሯል። ጃንጥላው እንደሰቀልኩት ሚስማሩ ላይ አለ። ወደ ማደሪያዋ ሮጥን። አልደረስንላትም። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ከቀብሩ በኋላ መምህሩ አቧራ የጠጣ፣ ያልተጠረዘ ዋና ቅጂ ይዘው መጡ። ጥራዙ መጀመሪያ የተባዛበት ነው። ያኔም ያባዛችው አክስቴ ናት። አክስቴ ቆማ ስታየው ቆየች። «የዚያን ጊዜው ማሽን ወረቀት ሁለት ሁለት ይጎትት ነበር፤ አንዱ ሳይባዛ ያልፋል» አለችና በር ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲመጣ እየተሻገራት ገባ።

ገጽ አሥራ አራት አጭር ናት። እንዲህ ትላለች፦

«የያዝነውን ሥራ ትተን አጠገቡ መቀመጥ ነው። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብለን በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባበትም። ሲናገር አናቋርጠው፣ አንቆጣው። ካጠገቡ ሳንነሣ ሌላ ሰው እንጥራ። ሰው እስኪደርስለት ለአፍታም»

አሥራ አምስትን ከጎኗ አደረግኩት። ብቻውን መተው የለበትም።

ይሄን ለማድረግ ምን ያስፈልገኝ ነበር? በርጩማ። ሁለተኛ በርጩማ ደግሞ ነበረን፤ ቶነር አስቀምጠንበት።

ዘንድሮ ገጿ በሁሉም ጥራዝ ውስጥ አለች፤ እያንዳንዷን በቀይ አሰምርባታለሁ። ከታሰሩት እስክሪብቶዎች የቀረው አንድ ነው፣ እሱም መቆራረጥ ጀምሯል። ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ ተጠሪ መጣ። ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ጥራዙን ገላለጠው።

«እቺ ገጽ አምና አልነበረችም። ፈተና ላይ ትመጣለች?»

«ትመጣለች።»

«ማን አለሽ? መምህሩ?»

«ተቀመጥ» አልኩት። የቶነሩን ካርቶን ከሁለተኛው በርጩማ ላይ አውርጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩና ድምፄን አወፈርኩ።

«ገጽ አሥራ አራት! በቃልህ! መኮረጅ ክልክል ነው!»

ሊስቅ አለና ፊቴን አይቶ ተወው። «እሺ… አንድ…»

«ቁጥር የለውም» አልኩት። «ዝም ብለህ ጀምር።»