ከበሩ ሥር የጠፋው ነጠላ ጫማ

አሮጊቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከበሯ ሥር የተደረደረውን ጫማ ግን እንደ ደብዳቤ ታነበዋለች። የወጣ ሰው ነጠላ ጫማውን ከግድግዳው ሥር ትቶ ይሄዳል፤ የገባ አጥልቆት ይገባል። ነጠላ ጫማው ካለ ሰውዬው የለም፤ ነጠላ ጫማው ከሌለ ሰውዬው ቤት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያሻም።

የታላቅ ልጇ ነጠላ ጫማ ከቦታው ሳይነቃነቅ አራት ዓመት ሆነው። ልጁ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ጭራሮ ይሉታል። ጭነት ይዞ ወጣ፤ መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱን ግን ውሃ ይብላው መሬት ይዋጠው የሚያውቅ ጠፋ። ሰው ሁሉ ቁርጧን እንድታውቅ ሲመክራት፣ እሷ መካሪውን ከበር እየመለሰች በየቅዳሜው የነጠላ ጫማውን አቧራ ታራግፋለች።

ታናሽ ልጇ አገባና ምራት መጣች። ጫማ መደብር ውስጥ የምትሠራ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ልጅ ናት። ክፋት የላትም፤ ሥርዓት ይበዛባታል እንጂ። የበሩን ሥር ደንብ የነገራት የለም። የለመዱት ነገር ሆኖባቸው፣ ደንብ መሆኑንም ረስተውታል።

አንድ ማክሰኞ አሮጊቷ የታመመች ዘመድ ልትጠይቅ ወጣች። ምራቲቱ ከመደብሩ ያመጣቻቸውን ባዶ ካርቶኖች ዘረጋችና የቤቱን ጫማ ሁሉ ለቀመች። የዘወትሩን በቦታው አሰለፈች። የክቱንና ማንም የማያደርገውን በካርቶን ከታ፣ በየክዳኑ ላይ ጽፋ፣ በጭራሮ ክፍል አልጋው ላይ ደረደረችው። በሩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሮጊቷ ስትመለስ የጭራሮ ነጠላ ጫማ ከቦታው የለም።

ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የመንገድ ጫማውንማ ድሮም ከአልጋው ሥር ነው የሚወረውረው። የክፍሉን በር ልትከፍት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ጭራሮ ሌት ተቀን ሲነዳ ከርሞ ሲመጣ እንደ ግንድ ይተኛል፤ ራሱ ተነስቶ እስኪወጣ በሩን የነካ ጠላቱ ነው። አራት ዓመት የጠበቀች ሴት ግማሽ ቀን ምን አላት?

በርጩማዋን በሩ ላይ ተከለች። ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ፣ ቢላዋው ሲንኳኳባት ተወችው። ጎረቤት ዘንድ ሄዳ ሬዲዮውን እንዲቀንሱት ነገረች። ምን ተገኘ ቢሏት፣ ልጄ ተኝቷል አለቻቸው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ምራቲቱ አመሻሽ ላይ ስትገባ አሮጊቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለቻት።

«ኮቴሽን ቀስ አድርጊው። ጭራሮ ገብቷል።»

ልጅቷ በደስታ መቼ መጣ፣ እንዴት ሆነ ስትል፣ አሮጊቷ በአገጯ የበሩን ሥር አሳየቻት። ያኔ የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች። «ጫማ ሳስተካክል።»

አሮጊቷ ተነስታ በሩን ራሷ ከፈተችው። ካርቶኑ እስከ ትራሱ ተከምሯል። የልጇ የቱ እንደሆነ ጠየቀች፤ አሳየቻት። ምን ብላ እንደጻፈችበት ጠየቀች።

«ስሙን ነው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

አሮጊቷ ጽሕፈቱን አየችው። ከግርጌ ሌላ ካርቶን ሳበችና ክዳኑን ገለጥ አደረገች፤ የሟች ባሏ ጥቁር ጫማ ነው። ሁለቱን ክዳን ጎን ለጎን ይዛ በጣቷ ተከተለቻቸው። ጭረቱ ከጭረቱ፣ ቀለበቱ ከቀለበቱ አንድ ነው።

«ማንበብ ቢያቅተኝ ማየት አያቅተኝም» አለች። «አባትና ልጅ አንድ ስም አላቸው እንዴ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «የማይደረጉ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከእንግዲህ የማይደረጉ።»

አሮጊቷ የምትመልሰው ስድብ አፏን ሞልቶት ነበር፤ ሳይወጣ ቀረ። ለካ ይህ ቤት ቁርጡን ካወቀ ቆይቷል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የባሏን ካርቶን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና የልጇን በላዩ ደረበችው።

«በይ ሌላውን አንሺልኝ» አለቻት፤ «ልቀመጥበት።»

ልጅቷ ካርቶኖቹን ስታነሳላት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ያላለቀሰችውን ለቅሶ የጀመረችው ያኔ ነው።