የተቆረጡት አሻራዎች

«አንቺው አንብቢልን እንጂ! ጸሐፊዋ አንቺ፣ ሟቹ አጎትሽ፤ ሌላ ማን ያንብብ?» አለቻት የአጎቷ ሚስት፣ መጽሐፉን በተመራማሪዋ ጭን ላይ እያስቀመጠች።

ተመራማሪዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሦስቱንም ቀን ሻይ ስታድል፣ ወንበር ስታቀራርብ የዋለችው ይህን ሽሽት ነበር። ቁጭ ካለች «አጎቷን በመጽሐፍ ያኖረች!» እያሉ ያሞግሷታል፤ በተሞገሰች ቁጥር ደግሞ ሽምቅቅ ትላለች።

ሟቹ በወጣትነቱ የእርሳስ ማዕድን ማውጫው ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ቆፋሪዎች እሁድ እሁድ ፊቱ ይሰለፋሉ፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል፣ ከግርጌ በአውራ ጣታቸው ይፈርማሉ። ማውጫው ከተዘጋ ከአርባ ዓመት በኋላ እሷ ታሪኩን ልትጽፍ ተነሳችና ደብዳቤዎቹን ፍለጋ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤተሰቡ ደጅ ጠናች። ከሣጥን፣ ከፍራሽ ሥር፣ አንዱንም ከአሮጌ ጫማ ውስጥ፣ መቶ አርባ ያህል ሰበሰበች። አጎቷ «ፕሮፌሰር» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ ደስታውን መደበቅ ግን አይችልበትም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲደርሰው ደወለላት።

«ፕሮፌሰር፣ ጣቶቹን የት አደረግሻቸው?»

«የቱን ጣት አጎቴ?»

«ከደብዳቤዎቹ ግርጌ የነበሩትን።»

«እነሱማ የተጨማለቁ ናቸው። የደብዳቤዎቹን ፎቶ ሲያበላሹብኝ ጊዜ ከፎቶው ላይ ቆረጥኳቸው።»

ገጾቹን ሲያገላብጥ በስልኩ ተሰማት።

«ዋናዎቹን ይዘሽ ነይ» አለ በመጨረሻ። «የማሳይሽ ነገር አለ።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት።»

ዛሬ ነገ ስትል አራት ወር አለፈ። እውነቱን ለመናገር ጊዜ አጥታ አይደለም። መጽሐፉ እየተወደሰላት ነበርና ስህተቴን ይነግረኛል ብላ ፈርታ ነው። አሁን ደብዳቤዎቹን በቦርሳዋ ይዛ መጥታለች፤ የሚያሳያት ሰው ግን የለም።

«አንብቢ እንጂ ልጄ» አሉ አባባ ፋኖስ። ከቀሩት ጥቂት ቆፋሪዎች አንዱ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ወደ ጉድጓዱ ፋኖስ ይዘው ቀድመው ስለሚወርዱ ነው። «የኔን አንብቢልኝ።»

ገጹን ፈልጋ አወጣች። «ለውድ ባለቤቴ። ከናፍቆትሽ በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራውም ተስማምቶኛል...»

«ውሸቴን ነው!» ብለው ሳቁ ሽማግሌው፤ ለቀስተኛውም አብሯቸው ሳቀ። «ያኔ ማንኪያ ማንሳት እንኳ አቅቶኝ ነበር!»

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ደብዳቤውን የማውጫው ቢሮ አንብቦ ነዋ የሚልከው! አሞኛል ያለ በነጋታው ይባረራል። የእርሳሱ ብናኝ ደግሞ አንጓ ነው የሚጥለው፤ እጅ አልነሳም ይላል። አጎትሽ ከሥር ደግፎን ነበር የምንፈርመው። ጣታችን ተንሸራቶ ሲጨማለቅ ሌላ ወረቀት አያወጣም። ‹ተወው፣ እንዲሁ ይሂድ› ይላል። የኔዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብዳቤ ሲደርሳት መጀመሪያ የምታየው ጣቴን ነው። ይህችን ጭምልቅ አይታ መታመሜ ገብቷት ነው መጥታ ይዛኝ የሄደችው። ይኸው አለሁ። እስቲ አሳዪኝ።»

በግራ እጃቸው መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«የታለ ጣቴ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ማተሚያ ቤቱ ነው» ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች። «ቆሻሻ መስሎኝ። ከዚያም ሠራተኞቹ ጤነኞች ነበሩ ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ሊነግረኝ ሲጠራኝ... ቀረሁ።»

የአጎቷ ሚስት አቀረቀረች። «በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹ፕሮፌሰር ናት› ይል ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

ተመራማሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ ዋናውን ደብዳቤ አወጣች። ሽማግሌው እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው። ከግርጌው ሰማያዊ ቀለም ወደ ጎን ተንሸራቶ ደርቋል። አባባ ፋኖስ ሊነኩት ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ አንጓቸው እጥፍ ብሎ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ።

መዳፏን ከአንጓቸው ሥር አስገብታ ደገፈቻቸው። አውራ ጣታቸውን አሻራው ላይ አሳረፈችና እጃቸውን ሳትለቅ እዚያው ተንበርክካ ቆየች።