ነጎድጓድ ሙዚቃ ሊሰማ ከተማ ገባ

በያጁን የሰፈሩ ሰው «ነጎድጓድ» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቀጠቅጥና ሲበይድ ጆሮው ደክሞ፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲል እንኳ የጎረቤት መስኮት የሚያርገፈግፍ ድምፅ አውጥቷል። በወጣትነቱ ሙዚቃ ሲወድ ለጉድ ነበር። ጆሮው ከከዳው ወዲህ ግን ቴፑን ጨርቅ አልብሶ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው፤ ስለ ዘፈን ሲወራም ተነስቶ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱና ሴት ልጁ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ስልክ እያዩ ሲንሾካሾኩ አገኛቸው።

«ምንድን ነው የምትዶልቱት?»

«ከተማ ልንሄድ ነው፣ አንተና እኔ» አለች ሚስቱ፣ ደህና ወደሆነው ቀኝ ጆሮው ተጠግታ። «መጀመሪያ የድሮ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያው ዘፈን ይቀርጽበት የነበረውን ክፍል እናያለን። በማግስቱ ደግሞ በጉብዝናችን የጨፈርንበትን አዳራሽ።»

«እኔ እዚያ ሄጄ ምን ልሰማ? ግድግዳ ልቁጠር?»

«አባዬ፣ ትኬቱ ተቆርጧል» አለች ልጁ።

ነጎድጓድ አጉረመረመ። ሆኖም በዚያው ሳምንት ጓሮ ተቀምጦ ጫማውን ሲወለውል ሚስቱ አየችው፤ እንዳላየች ሆና አለፈች።

ሸክላ ቤቱ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው ድረስ በሸክላ ተሞልቷል። ነጎድጓድ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ደንበኞቹ በሙሉ ዞሩ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች። ሻጯ ግን ቅር ሳትሰኝ አንድ የቆየ ሸክላ አውጥታ አጫወተችላቸው። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ፣ እሱ የሚሆነው ጠፍቶት፣ ቁመቱን የሚያህለውን ድምፅ ማጉያ ተደግፎ ቆመ።

ወዲያው ቀጥ አለ።

«ምነው? አመመህ እንዴ?» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«ወገቤ ላይ ከበሮ አለ» አለ።

ዞሮ መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈ። ቆየት ብሎ ደረቱን አስጠጋ። የሸክላው አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሲያልቅ ፊቱ ወዝቶ፣ «ከበሮ መቺው ይሮጣል፤ ቤዝ ጊታሩ ነው እየጎተተ የሚመልሰው» አለ።

ሻጯ ሳቀች። «ልገልብጠው እንዴ አባቴ?»

«ገልብጪው እንጂ!»

ከዚያ በኋላ ጉዞውን የሚመራው እሱ ሆነ። ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ወፍራም ጨርቅ የለበሰ ነበርና ብዙም አልቆየም። «ይሄ ቤት ከእኔ ብሶ ደንቁሯል» ብሎ ሚስቱን በእጇ እየሳበ ወጣ። አዳራሹ የታሰበው ለነገ ነው ብትለው፣ «ነገን ለነገ ተይለት» አላት።

አዳራሹ ቀለሙ ተለውጧል፤ የእንጨት ወለሉ ግን ያው የድሮው ነው። አንድ ባንድ ለሠርግ እየተለማመደ ነበር። ጥበቃው የሽማግሌውን ድምፅ ከበር ሲሰማ ጠብ የመጣ መስሎት ሮጦ ወጣ፤ ነገሩ ሲገባው እየሳቀ አስገባቸው። ነጎድጓድ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያን የተወለወለ ጫማ አወለቀ፤ ካልሲውን ጨመረ።

«ሰው ምን ይላል?» አለች ሚስቱ።

«ያልፈለገ አይየን። ነይ፣ አንቺም አውልቂ።»

ወለሉ ከሥራቸው ይርገበገባል። ሚስቱ መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ መሀል ገባች። እግሩ የወለሉን ምት እየተከተለ ወሰዳት፤ አንዴም አልሳተም። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለምና ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። በሁለተኛው ዕረፍት ቀና ብላ ስታየው፣ ጉንጩ በእንባ ርሶ ጥርሱ አልከደን ብሎታል። በመሐረቧ ጠረገችለትና ትከሻው ላይ ተደገፈች።

ዘፈኑ ሲያበቃ ባንዱ አጨበጨበላቸው። ነጎድጓድ ወደ መድረኩ ሄዶ፣ «ልጆች፣ ነገስ የት ነው የምትጫወቱት?» አለ።

«መናፈሻው ውስጥ፣ ከሰዓት» አለው ከበሮ መቺው።

ነጎድጓድ ስልኩን አውጥቶ ልጁ ጋ ደወለ። «ስሚ» አለ፣ አዳራሹ በድምፁ እየተሞላ፣ «የነገውን ፕሮግራም እኔ ቀይሬዋለሁ። የመናፈሻውን መንገድ ለእናትሽ ላኪላት።»