አረም የዘራች ሴት

ኑርሀያት ዱብቲ ከመጣች ጀምሮ የኖረችው በኩድራ ነው። ኩድራ ከጥጥ እርሻው ቦይ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ሲቀቀል የሚያዝለገልግ ቅጠል ነው። ትለቅምና በሚኒባስ ሰመራ ትወስደዋለች፤ እዚያ ሆቴል ያለው ጀማሉዲን ይገዛታል። የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ወደውለታል።

ችግሩም መውደዳቸው ሆነ። የተወደደውን አገር ሁሉ ለቀመው። አበባ ሳያወጣ፣ ፍሬ ሳይጥል እየተቀነጠሰ አለቀ። የቀረውን ቦይ ዳር ከውጭ የመጣ የእሾህ ዛፍ ወረሰው። ጀማሉዲንም "በየሳምንቱ የማታመጪ ከሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ" አላት። ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ ወሎ ብትመለስም የሚጠብቃት መሬት የለም።

እሾሁ ውስጥ ገብታ፣ ክንዷ እየተቦጫጨረ፣ ከተረፉት ደረቅ አገዳዎች አንድ እፍኝ ዘር አራገፈች። ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍራ ሁሉንም በተነችው። ለመጠባበቂያ አላስቀረችም፤ ለአረም ዘር ማስቀመጥ ማን ለምዶ? ከቦይ በጀሪካን እየቀዳች አጠጣችው። በቀለ።

ጎረቤቷ ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜያቸውን በጥጥ እርሻ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ኑርሀያት ሰመራ ሄዳ ጀማሉዲንን "ኢንሻአላህ በቅርቡ" ብላው ስትመለስ፣ ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ከጓሮዋ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። መሬቱ ተላጭቷል።

"ምነው ልጄ፣ አረም እንዲህ እስኪወርስሽ ዝም አልሽ?" አሉ። "ከነሥሩ ነው የነቀልኩት። ከእንግዲህ አይመለስም።"

"የዘራሁትስ?"

"እሱማ ገና አልበቀለም።"

ክምሩን አየችው። ሥሩ ፀሐይ ላይ ደርቋል፤ መልሶ መትከል አይሞከርም። ልትናገር አፏን ከፈተች። የሽማግሌው መዳፍ ውሃ ቋጥሯል።

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ" አለች።

"ምን አደረግሁ ብለሽ።"

የሠራ ሰው ሳይበላ አይሸኝም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ለወጥ የሚሆን ምንም የለም። ቅጠሉን ከክምሩ ቀንጥሳ ቀቀለችው። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ስለሆኑ ዘይት ብቻ ጠብ አደረገችበት። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው በሉ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ኩድራ ነው።"

"ይሄን ሳላውቅ አረጀሁ በይኛ። እንዲህ ያለውን ለምን አትዘሪውም?"

"ዘሩ የለም፣ ጋሼ።"

"አይጠፋም" አሉ፣ ጣታቸውን እየላሱ። "አንቺ ብቻ ዝሪው። ማረሙን ለእኔ ተይው።"