ለሔራን የትግል ቤት ፍለጋ

ሔራን የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው መስከረም ከኦስቲያ ወደ ሮም በሚመለሰው ባቡር ውስጥ አንድ ሰውዬ ክንዷን ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አላት። ባቡሩ ሙሉ ነበር፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን የትም አልሄደችም። ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ፣ የምመልሳት እኔ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጓደኞቿ ሲያዩን አንገቷን ትደፋለች። እናቷ ጤናዬ አንዲት አሮጊት ጣሊያን እያስታመመች እዚያው ስለምታድር ቤት የምትመጣው ለእረፍቷ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ የኔ ነው።

ሔራን በበጋ ኦስቲያ ባሕር ዳር ትሠራ ነበር። በባቡር መሄድ ካልቻለች ሥራው ይቀራል። ሥራው ቢቀር ግድ የለኝም፤ የፈራሁት ልጅቷ ከቀሚሴ ሥር ሳትወጣ እንዳትቀር ነው። ወጥታ እንዳትጎዳ ደግሞ እፈራለሁ። የብርዱን ወራት ያሳለፍኩት ሁለቱን ፍርሃት ይዤ ነው።

አንድ ቀን ጁጂትሱ ልማር አለች። ምን እንደሆነ ጎረቤታችንን ኣክሊሉን ጠየቅሁት፤ የአስመራ ልጅ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ስፖርት አያመልጠውም። ቡጢም ርግጫም የለውም፣ መሬት ላይ ተያይዞ መንከባለል ነው አለኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከመጣው ጋር ነዋ፣ እማማ።»

«ከወንድም ጋር?»

«ባቡር ላይ የያዛት ሴት ኖሯል እንዴ?»

ሔራንን ጠራኋት።

አሎራ፣ እንግዲያውስ ቤቱን እኔ ሳላይ አትገቢም አልኳት። ልጁን የሚድር ሰው አጥንት ይቆጥራል፤ የማን ልጅ ነው፣ የማን የልጅ ልጅ ነው ይላል። ከዚህ የተሻለ መምረጫ እኔ አላውቅም። ፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ፓሌስትራ፣ የስፖርት ቤቱ፣ በዚህ በኩል የሚታማ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የአሠልጣኙ ፎቶ፣ ከሱ በላይ የአስተማሪው፣ ከዚያም የአስተማሪው አስተማሪ፣ እያለ ጣሪያው ሥር እስካሉት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ድረስ ተሰቅሏል። አሠልጣኙ እያንዳንዱን በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ዘሩን እንዲህ የሚቆጥር ሰው አይዋሽም ብዬ ልቤ ወደደው። ሔራንም ወደደችው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ያንዱ አንገት ሲታነቅ ወይም ክንዱ ሲጠመዘዝ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፣ ያኔ ሌላው ወዲያው ይለቀዋል ብላ ሔራን ነግራኛለች። አንድ ጠና ያለ ተማሪ አንድ ቀጭን ጀማሪ ላይ ወጥቶ አንገቱን ያዘው። ጀማሪው መሬቱን መታ። ያኛው አልለቀቀውም፤ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። ደግሞ መታ። አሠልጣኙ እያየ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

«በሕግ አምላክ!»

ለካስ ቆሜ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ባገሬ ይህ ቃል ከወጣ የተነሣ ዱላ ይወርዳል፣ የሚሮጥ ሰው ይቆማል። እዚህ ያወቀው የለም። ሁሉም እኔን ለማየት ሲዞር ጀማሪው ከእጁ አመለጠና ጥግ ይዞ ያስል ጀመር። አሠልጣኙ አያትሽን አሟቸዋል ወይ ብሎ ሔራንን ጠየቃት። እጄን ይዛ አወጣችኝ።

መንገድ ላይ፣ አዋረዱኝ፣ ሁለተኛ ከእርስዎ ጋር አልመጣም አለችኝ። የከነከነኝን ጠየቅኋት።

«በቃኝ ሲሉት የማይሰማ ሰው፣ ባቡር ላይ ከያዘሽ ሰውዬ በምን ይለያል?»

ትራም ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ስልኳን አውጥታ ሌላ ቤት ፈለገች።

ሁለተኛው የሜትሮ ባቡሩ መጨረሻ፣ አናኚና አካባቢ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። የእግር ሽታ አለው። ግድግዳው ባዶ ነው። አሠልጣኟ ፀጉሯ የሸበተ አጭር ሴት ናት፤ ጆሮዋ ከትግሉ ብዛት ተጨማዷል። ማን አስተማረሽ አልኳት። አንድ የናፖሊ ሰው ነበር፣ አሁን ትቶት ዓሣ ይሸጣል አለችኝ። ዘሩ አልጣመኝም። ቢሆንም ተቀመጥኩ።

ሔራንን ያገናኘቻት በሬ ከሚያክል የቧንቧ ሠራተኛ ጋር ነው። ጸሎቴን ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስተማረቻት መያዝን ሳይሆን መልቀቅን ነበር። ሰውዬው ክንዱን ሰጥቷት መሬቱን ሲመታ ሔራን ዘገየች፤ አሠልጣኟ አስቁማ እንደገና አስደረገቻት፤ ደግሞ እንደገና። ከዚያ ተራው የሱ ሆነ። ክንዷን ሲዘረጋው ሔራን መሬቱን አልመታችም፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሰውዬው ሳትነግረው ለቀቃት። በሚቀጥለውም እኔን አየችኝ፤ እሱም እንደገና ለቀቃት።

አሠልጣኟ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣሊያንኛዬ እንደማይሮጥ አይታ፣ ኖና ብላ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ኖና፣ ልጅቷ በቃኝ ከማለቷ በፊት እርስዎን ታያለች። እርስዎ እዚህ እያሉ በቃኝ ማለት አትማርም።»

«ታዲያ የት ልሁን?»

«ቤትዎ።»

«ማን ይመልሳታል?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፋት አልነበረውም፤ መልሱን ለኔ ተወችው እንጂ።

እንቢ ማለት እችል ነበር። ምክንያት ሞልቶኛል፤ ዓሣ ሻጩ፣ ጆሮዋ፣ የሰውዬው ክብደት። ወደ ሔራን ዞር አልኩ። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ሰውዬውን እንዴት አድርገህ ነው የያዝከኝ እያለች ትጠይቀዋለች። ወደኔ እያየች አልነበረም።

የሜትሮ ካርዷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጃኬቷ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ቤት ስገባ ምስር ወጥ ጣድኩ። መስኮቱ ጋ ላለመቆም ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለሳምንት የሚበቃ ሽንኩርት። ኣክሊሉ መጥቶ ልጅቷስ አለኝ፤ ትመጣለች አልኩት፤ ድምፄን አልወደደውም መሰለኝ ተቀመጠ። ስለ ኳስ አወራኝ፣ አንዱንም አልሰማሁም።

በሩ ሲከፈት አልተነሣሁም።

«ደረስሽ?» አልኳት።

«ደረስኩ» አለች። ጃኬቷን ወንበሩ ላይ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ድስቱን ከፈተች። ቀምሳ ወጡ ጨው የለውም አለች፤ እሱንም ቆማ በላችው።