የሴቶቹ ሣጥን

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ድምፅ ሰጠሁ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ዳኮታ ውስጥ ለወንዶቹ የሚታደለው ወረቀት እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሰፋ ነበር፤ ገዥው፣ ምክትሉ፣ የግዛቱ ጸሐፊ፣ ኦዲተሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተደርድረዋል። እኛ ሴቶቹ እንድንመርጥ የተፈቀደልን የግዛቱን የትምህርት ኃላፊ ብቻ ስለነበር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቁራጭ ወረቀትና ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ ሣጥን ነበረችን። ልጅ የሴት ጉዳይ ነው፣ ሌላው አይመለከታችሁም ነው ነገሩ።

በዚያች ቁራጭ ላይ ሁለት ስም ነበር። አንዱ ሥልጣን ላይ የቆየው ሰውዬ ነው፤ ሌላዋ ሎቪና ፕራት ትባላለች። ልጄ ሲግኔ ስትሞት አስተማሪዋ ሎቪና ነበረች።

ሲግኔ የሞተችው ከምርጫው ስድስት ዓመት በፊት ነው፣ በጥር ወር። እኔና ባሌ ሃልቮር ከኖርዌይ መጥተን መሬት ከያዝን አምስት ዓመት ቢሆነን ነው። እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ቀናት ቀርተውኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት ደስ የሚል ሙቀት ነበር፤ በረዶው ከጣሪያው ላይ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ሃልቮር ቀኑ ጥሩ ነው ብሎ ከሰል ሊገዛ ወደ ከተማ ወረደ። ሲግኔ ካፖርቷን ትታ በሹራብ ብቻ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ያዝኳት።

"ስሚ፣ ሰማዩ ከጠቆረ እንዳትቀመጪ። በቀጥታ ወደ ቤት ሩጪ። ብቻዬን ነኝ።"

"ሚስ ፕራት ብትከለክለኝስ?"

"እናትሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?"

ይህን ነው ያልኳት። ቃል በቃል።

ከቀትር በኋላ የበረዶው ውሽንፍር መጣ። እንደ ግድግዳ ነው የመጣው፤ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ የውኃ ጉድጓዳችንን ማየት አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ሎቪና ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። አሥራ ስምንት ተማሪ ይዛ በሩን ቀረቀረች። ነፋሱ አንዱን መስኮት ገንጥሎ ሲጥለው እሱን በሰሌዳው ልትመርግ ዞር ባለችበት ቅጽበት ሲግኔ መቀርቀሪያውን ከፍታ ወጣች። ሎቪና የውኃ ባልዲውን ገመድ አንዱን ጫፍ በሩ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አሥራ ተከትላት ወጣች። ገመዱ እስኪያልቅ ሄዳ ተጣራች። ተመልሳ ገብታ እንደገና ወጣች። ሦስት ጊዜ። ከግራ እጇ ሁለት ጣቷን ያጣችው በዚያ ነው። የቀሩትን አሥራ ሰባት ልጆች አግዳሚ ወንበሩን እየፈለጠች እያነደደች አሳደረቻቸው፤ አንዳቸውም አልሞቱም።

ሲግኔን ሃልቮር በሦስተኛው ቀን አገኛት። ከደጃችን ሁለት መቶ እርምጃ አትርቅም ነበር።

በቀብሯ ላይ ሎቪና እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ሃልቮርን "በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። መጠበቅ ነበረብኝ" አለችው። እሱ ፊቱን አዞረባት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ "ስለ እርስዎ ተጨንቃ ነበር። 'እናቴ ብቻዋን ናት፣ ሩጪ ብላኛለች' እያለች ስታለቅስ ነበር" አለችኝ።

ሩጪ ያልኳት እኔ መሆኔን እንደምታውቅ ያኔ አወቅሁ። ይነገራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነገረም። ሎቪና ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እኔም ለባሌ አልነገርኩትም። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ልጄን ኤይናርን ወለድኩ። እሱን ሳጠባ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ያ ነገ ስድስት ዓመት ሆነ።

ሎቪና በኋላ የአውራጃችን ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆና ተመረጠች። በአንዲት ፈረስ በሚጎተት ጋሪ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትዞር እናያታለን። በየትምህርት ቤቱ ክረምቱን የሚያዘልቅ ከሰልና ደረቅ ብስኩት እንዲቀመጥ፣ በየበሩም ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያ እንዲሠራ ያደረገች እሷ ናት። ሃልቮር መንገድ ላይ ቢያገኛት ሰላምታዋን አይመልስም። ዳኮታ በወግ የአሜሪካ ግዛት ከሆነች ገና አምስት ዓመቷ ሳለ ፓርቲዋ ለግዛቱ የትምህርት ኃላፊነት አጫት። ሴት ከገዥው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ስሟ ሊወጣ ነው ተብሎ ጉድ ተባለ።

በጥቅምት ሚስተር ደኒንግ የሚባል ሰው ቤታችን መጣ። ያውራጃው ጋዜጣ ባለቤት ነው፤ የወዲያኛው ፓርቲ ሊቀመንበርም እሱ ነው። እኔ ሊጥ እያቦካሁ ነበር።

"ሃልቮር ወዳጄ፣ እኔ ለፓርቲ ብዬ አይደለም የመጣሁት" አለ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ።

"ታዲያ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ምን አመጣዎት?" አልኩት።

ሳቀ። "ሚስትህ ምላጭ ናት! እሺ፣ እውነቱን ልናገር። የአሥራ ስምንት ልጅ በር መጠበቅ ያቃታት ሴት የግዛቱን ልጅ ሁሉ እንድትጠብቅ ይሰጣት? እኔ ባወራ የፖለቲካ ወሬ ነው። እናንተ ብትናገሩ ግን ማን አፉን ይከፍታል?" ከኪሱ ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ አወጣ። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነበር።

ሃልቮር አነበበው። ንባቡ ቀስ ያለ ነው። ሲጨርስ ወደ እኔ ተመለከተ። "ምን ትያለሽ?"

ጊዜው ያ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ነው። ኤይናር ጠረጴዛው ሥር ይጫወታል። "እኔ አልፈርምም" አልኩና እንደዚያው ሆኜ ወደ ላሞቹ በረት ወጣሁ። ለምን እንደማልፈርም አልተናገርኩም። ሃልቮር ቁስሉን መንካት ፈርታ ነው ብሎ አዘነልኝ፤ ስለ ሁለታችንም ፈረመ።

ጋዜጣው ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ወጣ። ይዛልኝ የመጣችው ጎረቤቴ ጉድሩን ናት። ባል የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ፣ የልጅ ልጇን በዚያ ውሽንፍር ሎቪና ያተረፈችላት ሴት።

"እሰይ፣ ደራሲ ሆነሻል አሉ!" ብላ ጋዜጣውን ወረወረችልኝ። ከላይ በትልቁ "የሟቿ እናትና አባት ይናገራሉ" ይላል።

"እኔ አልጻፍኩም ጉድሩን።"

"ስምሽ ነዋ! ራንዲ የሚባል ሌላ ማን አለ እዚህ አገር? እኔ ምን አገባኝ፣ አንቺ ነሽ የቀበርሻት። ግን ያቺ አስተማሪ ሁለት ጣት ከፍላለች። ያንን ለምን አልጻፋችሁትም?"

ይህን ብላ ሄደች።

ማክሰኞ ዕለት ከሃልቮር ጋር በሠረገላ ለምርጫው ወጣን። የምርጫው ቦታ ያው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደጁን ረግጬው አላውቅም። ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ "ሃልቮር፣ ፈረሶቹን አቁም" አልኩት።

"ምን ሆንሽ?"

"አቁም።"

ነገርኩት። ሰማዩ ከጠቆረ ሩጪ ማለቴን፣ እናትሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ማለቴን፣ ሁሉንም። ልጓሙን እንደያዘ ቀረ። ፈረሶቹ መሬቱን እየጎደፈሩ ይጠብቃሉ።

"አስተማሪዋ ታውቃለች?" አለ።

"ታውቃለች። ሲግኔ ነግራታለች።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ" አለ። "ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እንደምን አደርክ ስትለኝ ምራቄን ስተፋ።" ከዚያ ፈረሶቹን ነካ አደረጋቸው።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ወንዶቹ ተሰብስበው ፒፓቸውን ያጨሳሉ። ሴቶቹ መድረስ ስንጀምር አንዱ "ኧረ ዛሬ ምሳችንን ማን ሊሠራልን ነው?" ብሎ አሳቃቸው። ጉድሩን ከኋላዬ ነበረች። "በአርባ ዓመትህ ድንች መቀቀል ያልቻልክ አንተ፣ ገዥ መምረጥ እንዴት ትችላለህ?" አለችው። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ውስጥ የምርጫው ዳኛ ሽማግሌው ትቬይት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። የወንዶቹ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የእኛ የሴቶቹ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ። ሎቪና ፕራት በሚለው ስም ላይ ምልክት አድርጌ ከተትኩ። መውጣት ሲገባኝ እግሬ እምቢ አለኝ።

"ጋዜጣው ላይ የወጣው ውሸት ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "ልጄን ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ።"

ትቬይት ከወንበሩ ብድግ አለ። "ወይዘሮ ራንዲ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ተወዳዳሪ መናገር በሕግ ክልክል ነው።"

"ስለ ልጄ ነው የምናገረው።"

"እሱም ቢሆን፣ ዛሬ እዚህ አይሆንም። እባክዎ።" ክንዴን ይዞ በደግነት አስወጣኝ። ጭካኔ አልነበረበትም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ውጭም ተናገርኩት። ለቆሙት ሁሉ። ሰዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። አንዷ ሴት "ኀዘኑ ተነሣባት፣ ምስኪን" ስትል ሰማሁ። ጉድሩን ብቻ ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውጤቱ ተጠቃሎ እስኪታወቅ ከሳምንት በላይ ፈጀ። ሎቪና በመላው ግዛት በስድስት መቶ ድምፅ ተሸነፈች። በየአውራጃው ጋዜጣ ያ ደብዳቤ እየተገለበጠ ወጥቶ ነበር። የኛን ቀበሌ የሴቶች ሣጥን ሲቆጥሩት አሥራ አንድ ወረቀት ነበረበት፤ ሁለቱ የሎቪና ናቸው፣ የእኔና የጉድሩን። በወንዶቹ ሣጥን አምስት ሰው መርጧታል። ሃልቮር ከአምስቱ አንዱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝምም።

በኅዳር መጨረሻ ሎቪና የተከራየችበት ቤት ሄድኩ። ሣጥኗ አልጋው ላይ ተከፍቶ መጻሕፍት ትደረድር ነበር። ቁጭ ይበሉ አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"ለምን ዝም አልሽ? አንድ ቃል ይበቃሽ ነበር" አልኳት።

"ምን ብዬ ልናገር? እናቷ ናት ያስወጣቻት ብዬ?" ባለ ሦስት ጣት እጇን መጽሐፍ ላይ አሳረፈች። "አልዋሽዎትም። ጋዜጣውን ያየሁ ዕለት ለመናገር ደብዳቤ ጽፌ ነበር። እስከ ፖስታ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ ደኒንግ እሱን ይዞ እርስዎን ምን እንደሚያደርግዎት አሰብኩና ተመለስኩ። ደግሞም በሩ የኔ ነበር። እርስዎ ምንም ቢሏት፣ በሩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።"

"ያንን ደብዳቤ እኔ አልፈረምኩትም።"

"አውቃለሁ። ጉድሩን ነግራኛለች።" ቀና ብላ አየችኝ። "አልፈረሙም። ግን እውነቱንም አልተናገሩም። አራት ቀን ነበረዎት።"

"ይቅር በይኝ።"

"ብያለሁ። ከልቤ ነው፤ ግን ዛሬ አብሬዎት ተቀምጬ ማልቀስ አልችልም። ነገ ባቡር አለኝ፣ ዕቃዬን ልጨርስ።"

ወጣሁ። ወደ አይዳሆ ሄዳ በአንድ የማዕድን ሠፈር ማስተማር ጀመረች። እኔ ለደኒንግ ጋዜጣ እውነቱን አጽፌ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ ላክሁ። በገና ሰሞን በመጨረሻው ገጽ ላይ ከስንዴ ዋጋው ሥር አወጣው። ያነበበው ሰው ስለመኖሩ እንጃ። ሎቪና ከአራት ክረምት በኋላ በሳንባ ምች እዚያው ሞተች። የሰማነው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጸሎት ሲደረግላት ሃልቮር ከመቀመጫው ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላም ብቻውን ቆሞ ቀረ።

እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ የሲግኔን ስም ፊቴ ጠርቶ አያውቅም። ክረምቱን በሙሉ ግን፣ ሰማዩ ጠራም ጠቆረም፣ ከቀትር በኋላ ሥራውን ጥሎ በእግሩ ትምህርት ቤት ይሄድና ኤይናርን ትከሻው ላይ አድርጎ ያመጣዋል። እንደ ዱሮው አብረን እራት እንበላለን። ድንቹን አቀብይኝ፣ ጨው አለ ወይ፣ ይለኛል። እኔም አቀብለዋለሁ።