ደብዳቤ ያለው ይግባ

«ፎቶ አይቻልም!»

ጌዲዮን ስልኩን ወደ ወንዙ እንዳነጣጠረ ቀረ። ከድልድዩ ማዶ፣ ከአንድ መጋዘን አጥር ሥር፣ ዱላ የያዘ ጥበቃ እየተንጎራደደ መጣባቸው።

«ወንዝ እኮ ነው፣ ወንድሜ» አለችው እድላዊት።

«አውቃለሁ። አይቻልም።»

«ማነው የከለከለው?»

«እኔ ምን አውቄ! ክልክል ነው ተብዬ ነው የተቀጠርኩት።»

እድላዊት በረዥሙ ተነፈሰች። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ሦስተኛው «አይቻልም» ነው። የድሮውን የሠራተኞች ሰፈር ሊያዩ ሲሉ አንዱ ከበር መለሳቸው። አንድ የድንጋይ ሕንፃ ከመንገድ ማዶ ቆመው ሲያዩ ሌላው በፉጨት አባረራቸው። ወንዙም ቢሆን ቀን መርጦ ነው የሚሸተው! ትናንት ከሥራ ስትመለስ ደኅና ነበር፤ ዛሬ ጌዲዮን አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ «እንግዶቼን እዚህ አምጥቼ ምን ልላቸው ነው?» ይላታል። ምን ይበላቸው! እሷም አታውቅም።

እድላዊት ቱሪዝም ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና ስታሽግ የኖረች ልጅ ናት። የጣቶቿ ቆዳ ተልጧል። ጌዲዮን ደግሞ ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት አለው፤ አውሮፕላን የሚጠብቁ እንግዶችን ግማሽ ቀን የሚያዞርበት አዲስ ቦታ ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትለምነው ከርማ በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ቅዳሜ አቃቂን አዙሪኝ» አላት። «ከወደድኩት ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ካልወደድኩት ከሰዓት በኋላ መናገሻን የምታሳየኝ ሌላ ልጅ አለች።» በቃ፤ ወይ ሰኞ፣ ወይ ሳሙና።

«ጣቢያውን ስታይ ይኼን ሁሉ ትረሳዋለህ» አለችው ወደ መኪናው ሲመለሱ።

«አመቻችተሽዋል?»

«ሙሉ በሙሉ።»

አመቻችቻለሁ ያለችው የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዘበኛ አባቷ ስለሆኑ ነው። አቶ ወልደሚካኤል ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የገፉ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ባቡር የማይመጣበትን ጣቢያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ጠዋት ቁርስ ላይ ስትነግራቸው፣ «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አሏት። «እዚህ አባትሽ ነኝ። በሩ ላይ ዘበኛ ነኝ።» እሷ ሳቀች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራቸው ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ሲቀልዱ ሰምታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን የቀለዱ መሰላት። የዋህ!

ጣቢያው በእውነት ያምራል። ከብረቱ ፍርግርግ ባሻገር ቢጫው ግድግዳ፣ ሣር የበቀለበት ሐዲድ፣ መድረኩ ላይ ጥላውን የጣለ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ይታያል። ጌዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዱን ከአፍንጫው ላይ አነሳ።

«ይኼማ አንደኛ ነው! እኔ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩንም አላውቅም።»

እድላዊት ቀድማው ወደ በሩ ሄደች፤ አባቷ ከፍርግርጉ ወዲያ መዝገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ አባባ? ገባ ብለን እንወጣለን» አለ ጌዲዮን።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«የመግቢያ። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው።» አቶ ወልደሚካኤል መዝገባቸውን ገለጡና ወደ እድላዊት ዞሩ። «የእርስዎ ስም ማን ልበል?»

የእርስዎ ስም! ጠዋት የጠፋ ካልሲያቸውን ከአልጋ ሥር ፈልጋ ያወጣችላቸውን ልጃቸውን፣ የእርስዎ ስም! እድላዊት አባቴ ነው እንዳትል፣ ጌዲዮን «አባትሽ እንኳ ያልከፈተልሽን በር ማን ሊከፍትልሽ ነው?» ይላታል።

ጌዲዮን በፍርግርጉ በኩል ሁለት መቶ ብር አሾለከ። «ለሻይ ትሁን፣ አባባ።»

«ሻይ ጨጓራዬን ያመኛል» አሉ፣ እጃቸውን ከመዝገቡ ሳያነሱ።

ጌዲዮን ብሩን መለሰና ስልክ ሊደውል ወደ መኪናው ራቅ አለ። እድላዊት ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈች።

«አባዬ፣ በሞቴ! አምስት ደቂቃ ብቻ። ሥራዬ እኮ ነው!»

«ይኼም ሥራዬ ነው። ደብዳቤ ያለው ይግባ።»

«ማን ያይሃል? ባቡር እንኳ አይመጣም እኮ!»

«እኔ አያለሁ።»

ደሟ ፈላ። ፍርግርጉን ብትነቅለው፣ ነቅላም በእሱ ብትመታቸው ደስ ባላት።

ጌዲዮን ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ። «አለቀ። አንድ የማውቀው ሰው አገኘሁ። የጽሑፍ አቤቱታ ካመጣንለት ይኼን ሰውዬ ያስነሳልናል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዘበኛ ይመጣል፣ እኛም እንደ ልባችን እንገባለን።» ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። «ጻፊ። ሰክሮ ነበር በይ። ሰደበን በይ። ጣቢያውን ወድጄዋለሁ፤ ይቺን ጨርሺና ሰኞ ሥራ ግቢ።»

እድላዊት እስክሪብቶውን ተቀበለች። ምን ይደበቃል፣ በዚያች ደቂቃ አምርራ ጠልታቸው ነበር። ሳሙናው፣ የተላጠው ጣቷ፣ ያ የማይረባ ካልሲ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ጀመረች።

«ልጄ» አሉ አቶ ወልደሚካኤል ከበሩ ውስጥ። ሁሉንም ሰምተዋል። «አቤቱታ ሲሆን ቀኑ ከላይ በስተቀኝ ነው። ያለ ቀን ከሄደ ይመልሱብሻል።»

«ያሾፋል ደግሞ!» አለ ጌዲዮን።

እሳቸው ግን ማሾፋቸው አልነበረም። በራሳቸው ላይም ቢጻፍ፣ ከተጻፈ አይቀር በደንቡ ይጻፍ ባይ ናቸው። እድላዊት ቀና ብላ አየቻቸው፤ ልክ የትምህርት ቤት ደብተሯን ሲያርሙላት እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወረቀቱን ይመለከታሉ። ንዴቷ አልበረደም። ንዴቷማ እንዳለ ነው፤ እጇ ግን እምቢ አለ።

«ስሙን ጠይቂውና አስገቢው» አለ ጌዲዮን።

«አልጠይቀውም። አባቴ ነው።»

ጌዲዮን አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። «የወለደሽ አባት?»

«የወለደኝ።»

«ታዲያ ለምንድነው የማያስገባሽ?»

«ደብዳቤ የለኝማ!» ብላ ጮኸችበት።

ጌዲዮን ራሱን እየነቀነቀ መኪናው ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ አባትሽ ላልኩት ይቅርታ፤ ስለ ሥራው ግን እኔ የሚያስገባ ሰው ነው የምፈልገው» አለና ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። እድላዊት ወረቀቱን እንደያዘች በአቧራው መሀል ቆማ ቀረች።

«ተቀይሞ ሄደ መሰለኝ» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ ዝም በል። እባክህ ዝም በል!»

ልጅቷ አለቀሰች፤ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠራረገችና ደግሞ ተናደደች። ጣቢያው ከፍርግርጉ ወዲያ እንዳማረበት ቆሟል፤ ጌዲዮንም ቢሆን «አንደኛ ነው» ብሏል። ይኼን ደግሞ ሊወስድባት አይችልም።

«ደብዳቤውን የሚሰጠው ቢሮ ቅዳሜ ይሠራል?»

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

ወረቀቱን ፍርግርጉ ላይ አስደግፋ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩም ጣቢያውን ለማስጎብኘት ፈቃድ እንዲሰጣት በራሷ ስም ጠየቀች። አቶ ወልደሚካኤል በማዶ ሆነው ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በመዳፋቸው ደገፉላት።

«የሰው ብዛት ይጠየቃል» አሏት። «ስንት ሰው ታመጫለሽ?»

ድርጅት የላት፣ መኪና የላት፣ አንድ እንግዳ እንኳ የላትም። እድላዊት ትንሽ አሰበች።

«አሥራ ሁለት» ብላ ጻፈችና ታክሲ ልትይዝ ሮጠች።